ማሽኑ ጳጉሜን የተቀበለ ዕለት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ኋላ "ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጠንቋይ ቤት ነው እንዴ የሚውለው?" እንዳትለኝ። እገሌ ቤት በሩ ራሱ ተከፈተ፣ እገሊት የሞተ ወንድሟን ሾላ ገበያ ሽንኩርት ሲመርጥ አየችው ሲባል፣ በሩን የከፈተው ነፋስ ነው፣ ሽንኩርት የሚመርጠውም መልኩ የተመሳሰለ ምስኪን ነው ብዬ ሽንጤን ገትሬ የምከራከር፣ በዚህም ስንት ሰው ያስቀየምኩ ነበርኩ። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያዘዝከውን ይሠራል፣ ካልሠራ ያዘዝከው አንተ ተሳስተሃል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ቢያንስ እስከዚያች ቀን ድረስ እንደዚያ ነበር የማምነው።

ጊዜው የ1990 ዓመተ ምሕረት ማለቂያ፣ ጳጉሜ ላይ ነው። መገናኛ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ነበረችኝ፣ ጎረቤቴ ደግሞ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡት ጋሽ ደጀኔ ነበሩ፣ ድምፃቸው ትልቅ፣ ልባቸውም ትልቅ፣ ችኮላቸው ግን ከሁለቱም የሚበልጥ ሰው። ጳጉሜ ሦስት ማታ ሱቄን ስዘጋ መጡና "ዳዊት፣ ነገ ጠዋት ገርጂ እህቴ ቤት ትሄዳለህ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ናት" አሉኝ። የአንድ ሰዓት ሥራ! ይህችን ቃል የሰማ ጠጋኝ ሁሉ ምን እንደሚሰማው አንተ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህታቸው የእትዬ አስካለ ባል፣ አቶ መርሻ፣ በሕይወት ሳሉ የመሬት ቀያሽ ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ገዝተው ያዩትንና የለኩትን አገር ሁሉ መጽሐፍ አድርገው ሲጽፉ ኖሩ። የሚጽፉት አንድ የእኛው አገር ልጅ ዶስ ለሚባለው ለድሮው የኮምፒውተር ሥርዓት በሠራው የአማርኛ መጻፊያ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ፍሎፒ ዲስክ፣ እያንዳንዱ ፍሎፒ ላይ ቁጥሩ በቀያሽ ቀጥ ያለ እጅ ጽሑፍ ተጽፎበት፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት። ባለፈው ዓመት ጳጉሜ አምስት ንጋት ላይ ድንገት አረፉ፣ በክረምቱም ጣሪያው አፍስሶ አሮጌዋን ኮምፒውተር ገደላት፣ ሙት ዓመታቸው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው፣ እትዬ አስካለም መጽሐፉ ታትሞ በዘመድ ፊት እንዲነበብ ፈልገዋል። ጋሽ ደጀኔ ታዲያ ለእህታቸው ብለው አዲስ ነገር የተባለ ፔንቲየም ኮምፒውተር ገዙ። ገዝተው ሲሞክሩት የአማርኛው መጻፊያ በዊንዶውስ ላይ ከአራት ማዕዘን ሳጥን በቀር ምንም አያሳይም።

"አዲስ እኮ ነው! ገና ላስቲኩ እንኳ አልተነሳለትም!" ይሉኛል ጋሽ ደጀኔ ጠዋት በር ላይ ሲቀበሉኝ።

"ችግሩ እሱ ነው ጋሼ፣ አዲስ መሆኑ።"

"አዲሱ አሮጌውን መቻል አቅቶት ነው?"

ይህን ለሰው ማስረዳት ውሃ መውቀጥ ነው፣ እንቦጭ እንቦጭ ነው ትርፉ። ዝም ብዬ ገባሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፣ አዲሱ ማሽን ላይ አሮጌውን ዶስ እጭናለሁ፣ መጻፊያውን እከፍታለሁ፣ አትሜ ምሳዬን ሱቄ እበላለሁ። መጀመሪያ ዶሱ ዲስኩን አላውቀውም አለ፣ እሱ በተሠራበት ዘመን እንዲህ ያለ ሰፊ ዲስክ ታይቶ አይታወቅማ፣ ቆራርጬ ትንሽ ቦታ ለየሁለት። ከዚያ ከሦስቱ የመጫኛ ፍሎፒዎች ሁለተኛው መሐል ላይ ቆመና ልተወው፣ ልድገመው፣ ልለፈው እያለ ይጠይቀኛል፣ ድገመው ስለው ያንኳኳል፣ ያንኳኳል፣ መልሶ ያንኑ ይጠይቀኛል። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ የገርጂ ጭቃ፣ በታክሲ ተመልሼ መገናኛ ሄጄ ሌላ ፍሎፒ በላስቲክ ጠቅልዬ አመጣሁ፣ ስመለስ አንድ እግር ጫማዬ ሶሉ ተነስቶ ነበር። ጋሽ ደጀኔ "የአንድ ሰዓት ሥራ ነበረች እኮ" አሉኝ። እግዜር ይይላቸው፣ ያን ጊዜ ኪቦርዱን ጭንቅላታቸው ላይ ብሰብረው ደስ ይለኝ ነበር። ደግነቱ ለነገው ድንኳንና ወንበር ከእድሩ ሊያመጡ ወጡና ከእትዬ አስካለ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

እትዬ አስካለ ቁጥብ ሴት ናቸው። ጥቁር ለብሰው ከኋላዬ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም፣ አሥራ ሁለተኛዋን ፍሎፒ ብቻ በሁለት እጃቸው ይዘዋታል። ሌሎቹን አሥራ አንዱን ጠረጴዛው ላይ ደርድረውልኝ እሷን አልሰጡኝም።

"እሷንም ይስጡኝ እንጂ እትዬ" አልኳቸው።

"ይሥራልህና እሰጥሃለሁ" አሉ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ "ይህችኛዋ የትርሲት ናት፣ የልጃችን" አሉኝ።

ከዚያ እየቆራረጡ ነገሩኝ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገርጂ ገና ሜዳ ሳለ፣ አቶ መርሻ ለሥራ ክፍለ አገር በወጡበት የአምስት ዓመቷ ትርሲት ትኩሳት ያዛት፣ ክረምት ነው፣ ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድይ የለም። እትዬ አስካለ ዝናቡ ሲያባራ እሻገራለሁ ብለው ሌሊቱን ጠበቁ፣ ልጅቱ ግን ሳይነጋ አረፈች። አቶ መርሻ በሦስተኛው ቀን መጡ፣ ሰሙ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሃያ ዓመት ኖሩ። "ለምን አልተሻገርሽም ብሎኝ ቢሆን ምናለበት ልጄ" አሉኝ እትዬ አስካለ፣ "ቢሰድበኝ ምናለበት። ዝም ነው ያለኝ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው 'የመጨረሻውን ምዕራፍ ስለ ትርሲት እጽፈዋለሁ፣ ስጨርስ አነብልሻለሁ' ያለኝ። ይጻፈው አይጻፈው አላውቅም።"

አንገቴን አቀርቅሬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዶሱ በመከራ ተጫነ። መጻፊያውን ስከፍተው ግን በዜሮ ማካፈል አይቻልም ብሎ ዘጋ። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፣ መጻፊያው ሲነሳ የማሽኑን ፍጥነት ይለካል፣ ይህ ማሽን ደግሞ ከመጠን በላይ ስለሚፈጥን ልኩ ዜሮ ይሆንበታል። የድሮዎቹ ማዘግያ ቁልፍ ነበራቸው፣ ይህ የለውም። የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ፍጥነት የሚሰጠውን ክፍል ሁሉ እየዞርኩ ዘጋሁ፣ ጋሽ ደጀኔ የኮሩበት ማሽን እንደ ታመመ በቅሎ መጎተት ጀመረ። እንደገና ሳስነሳው ዶስ እንደ ልማዱ ቀኑን ጠየቀኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ ሳልመልስለት ላልፈው ስል፣ እትዬ አስካለ ከኋላዬ "ንገረው እንጂ!" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ቀኑን ነዋ። መርሻ ቀኑን ሳይነግረው ጀምሮ አያውቅም። በእኛ ቀን ነበር የሚነግረው፣ በእኛም ሰዓት። 'እንግዳው ማሽኑ ነው፣ እኔ አገሬ ነኝ፣ እንግዳ የቤቱን ሥርዓት ይይዛል' ይል ነበር።"

ሳቄ መጣ። "ታዲያ ጳጉሜ ሲሆንስ? ይህ እኮ አሥራ ሦስተኛ ወር አይቀበልም እትዬ።"

"ጳጉሜ ሲገባ ይዘጋዋል። ጨርቅ ያለብሰውና 'ጳጉሜን የማያውቅ ጳጉሜን አይሠራም' ብሎ መስከረም እስኪጠባ አይነካውም። ባለፈው ዓመትም ዘግቶት ነው የሞተው።"

እንግዲህ ስማኝ፣ ያደረግሁትን ያደረግሁት እሳቸውን ለማስረዳት ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ምሳ አልበላሁም፣ ተናድጃለሁ፣ እምቢ ሲለኝ ዓይናቸው አይቶ ይረፍልኝ ብዬ ነው። አሥራ ሦስት፣ አራት፣ 1990 ብዬ ጻፍኩና የማስገቢያውን ቁልፍ መታሁ። ዶስ ቀኑ ልክ አይደለም የሚል መልስ አለው፣ ያን መልስ በሕይወቴ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ።

አላለም። ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈና ሰዓቱን ጠየቀኝ።

ተሳስቼ ጽፌ ይሆናል አልኩ። ቀና ብዬ ሳየው ቁጥሩ እዚያው ነው፣ አሥራ ሦስት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁና ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ብዬ ሞላሁለት፣ አለፈ። ቀኑን መልሰህ ንገረኝ ብዬ ሳዝዘው አሥራ ሦስት፣ አራት፣ 1990 ብሎ ጻፈ፣ የሳምንቱን ቀን በሚጽፍበት ቦታ ላይ ግን ባዶ ነበር። ከላያችን አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ ብሎ አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም የደነገጥኩት በአውሮፕላኑ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እትዬ አስካለ ምንም አልገረማቸውም። ተነሥተው አሥራ ሁለተኛዋን ፍሎፒ ሰጡኝ።

አስገባኋት። ከፍሎፒው ማንበቢያ የወጣው ድምፅ እንኳ የተለመደው ጩኸት አልነበረም፣ ቀስ ያለ፣ ቆም የሚል፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ግባ እስኪባል የሚያንኳኳው ዓይነት። ዝርዝሩ ወጣ። አንድ ፋይል ብቻ ነው ያለው፣ መጠኑ ዜሮ፣ ማለትም ባዶ፣ ስም ብቻ። ቀኑ ደግሞ ወር አሥራ ሦስት፣ ቀን አምስት፣ 89። ሰዓቱ ዘጠኝ ከአርባ።

"ጳጉሜ አምስት ነው የሚለው" አልኩ። "ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ።"

"ጳጉሜ አምስት በዘጠኝ ሰዓት ከአርባ" አሉ እትዬ አስካለ፣ "ቤተ ክርስቲያን ነበርን። አፈር እያለበስነው። ይህን ክፍል ሰው እንዳይገባበት ቆልፌ ነው የወጣሁት፣ ቁልፉ መቀነቴ ላይ ታስሮ ነበር።"

ይኸውልህ፣ አሁንም ምክንያት እየፈለግሁለት ነበር። የማሽኑ ሰዓት ባትሪው ደክሞ ይሆናል፣ ፍሎፒዋ ተበላሽታ ይሆናል፣ አልኩ። "ለማንኛውም ባዶ ናት እትዬ፣ ውስጧ ምንም የለም፣ አዝናለሁ" አልኳቸው።

"ክፈታት" አሉኝ።

ከፈትኳት። መጻፊያው ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ፣ ሰማያዊ ባዶ ገጽ፣ ጥግ ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። እንዳልኳቸው ባዶ ነው፣ ዞር ብዬ ላጽናናቸው ስል ስፒከሩ አንዴ ጢጥ አለ፣ አንዲት ፊደል ታየች። ከዚያ ሌላ። ማሽኑ ስለዘገየ ነው አልኩ በልቤ፣ ጽሑፉን ከፍሎፒው እየጎተተ ነው አልኩ፣ ባዶ ፋይል ምን እንደሚጎተትለት ግን አልጠየቅሁም። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ነበር የሚወጡት፣ ሁለት ይፈጥናሉ፣ አንዷ ትዘገያለች፣ ልክ በሁለት ጣት እንደሚመታ ሰው።

"እንዲህ ነበር የሚጽፈው" አሉ እትዬ አስካለ በሹክሹክታ።

ያነበቡት እሳቸው ናቸው፣ ድምፃቸውን አውጥተው፣ ፊደሉ እንደ ወጣ። "አስካለ። ትርሲት የታመመች ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ነበር። ድልድዩ የሚሠራበትን ቦታ የለካሁት እኔ ነበርኩ፣ ከዚያች ሌሊት ሁለት ዓመት ቀድሜ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።" ቆመ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ቆየ። ከዚያ "ሃያ ዓመት ዝም ያልኩት ተቀይሜ" አለ።

እትዬ አስካለ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

አሁን የምነግርህን ነው የማልረሳው። ጠቋሚው ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። "ተቀይሜ" የምትለዋን ቃል ከመጨረሻዋ ፊደል ጀምሮ አንድ በአንድ አጠፋት፣ ቆም አለ፣ አሰበ ልበልህ፣ ሌላ ቃል ምን ልበለው፣ በቦታዋም "ቃል አጥቼ ነው" ብሎ ጻፈ። ፋይል ሲከፈት ጽሑፍ ይታያል፣ ቀስ ብሎም ሊታይ ይችላል፣ ተሳስቶ አይሰርዝም፣ ሐሳቡን አይለውጥም። እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፣ ለማረጋገጥ ብዬ ማለት ነው፣ ምናልባት እኔ እየነካሁት እንዳይሆን።

ፊደሎቹ ቀጠሉ፣ እትዬ አስካለም አነበቡ። "አስካለ፣ የዚያች ሌሊት ጥፋቱ"

በዚህ ጊዜ አምፖሉ ሁለቴ ደብዘዝ አለ። የክረምት መብራት ታውቀዋለህ፣ ሁለቴ ደብዘዝ ካለ ሦስተኛው ጨለማ ነው፣ በዚህ የተነሳ ስንት የደንበኛ ሥራ እንደጠፋብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። የስምንት ዓመት ልማድ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አስቤበት አይደለም፣ ጽሑፉ እንዳይጠፋ ብዬ እጄ ሮጦ የማስቀመጫውን ቁልፍ ተጫነ።

ማሽኑ ረጅም ጢጥ አለ። በዜሮ ማካፈል አይቻልም። ጥቁር ስክሪን።

መብራቱም አልጠፋ። አምፖሉ ተመልሶ ደመቀና ቁጭ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አልነግርህም፣ ያሳፍራል። ፍሎፒዋን መልሼ ስከፍት ምንም ፋይል የለባትም፣ ያቺ ዜሮ የምትለዋ ስም እንኳ የለችም። ማሽኑን አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ቀኑን ሲጠይቀኝ አሥራ ሦስት አልኩት፣ ልክ አይደለም አለኝ። ደግሜ አልኩት፣ ልክ አይደለም። ጣቴ እስኪያመኝ፣ እየተሳደብኩ፣ ማሽኑን በጥፊ እስክመታው ድረስ፣ ሠላሳ ጊዜ ይሆናል፣ ልክ አይደለም፣ ልክ አይደለም፣ ልክ አይደለም። በአውሮፓ ቀን ስነግረው ወዲያው ገባ፣ አሥራ አንዱ ምዕራፎችም አንድ በአንድ ያለ ምንም ችግር ተከፈቱ፣ የሜዳው፣ የወንዙ፣ የድንበር ድንጋዩ ምዕራፍ ሁሉ። ሁሉንም አተምኩላቸው። ቀኑን ሙሉ ያሰቃየኝ ማሽን ያን ጊዜ በግ ሆነ፣ ይህ ራሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ጋሽ ደጀኔ ከድንኳኑ ጋር ተመልሰው ወረቀቱን ሲያዩ "ይኸው! አዲስ እኮ ነው አላልኩህም?" አሉ። እትዬ አስካለ ለእሳቸው ምንም አልነገሯቸውም። እኔን በር ድረስ ሸኙኝ፣ ባዶዋ ፍሎፒ አሁንም በእጃቸው ናት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ" አልኳቸው።

አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። እያዩኝ ቆሙ፣ የሆነ ነገር ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

በኋላ ፕሮግራም ለሚጽፍ ጓደኛዬ የማንንም ስም ሳልጠራ ነገርኩት። ወሩ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ እስከ አሥራ አምስት የሚደርስ ቁጥር ይገባል አለኝ፣ ለአሥራ ሦስት ቦታው አለ፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚከለክለው ዶስ ነው። "ታዲያ ያን ዕለት ለምን አሳለፈው?" አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። ስለ መሰረዙ አልጠየቅሁትም፣ መልስ እንዳይኖረው ፈርቼ።

በሚቀጥለው ዓመት ጳጉሜ ሳይጠሩኝ ሄድኩ። ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች፣ ስድስቱንም ቀን ተመላልሼ ሞከርኩ፣ ያው ነው፣ ልክ አይደለም። እትዬ አስካለ ከኋላዬ ተቀምጠው ያዩኛል። ሻይ ይሰጡኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለዚያች ቁልፍ ግን አንድም ቀን አላነሱብኝም፣ ባልነካሃት ኖሮ አላሉኝም፣ ጥፋቱ ያንተ ነው አላሉኝም። ቢሉኝ ምናለበት? ቢሰድቡኝ ምናለበት? በስድስተኛው ቀን ልወጣ ስነሣ ማሽኑ ላይ ጨርቅ አለበሱበት፣ ያንን ወንበር፣ አቶ መርሻ የሚቀመጡበትን፣ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረጉት፣ ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን መቀነታቸው ላይ አሰሩ።

"ከርሞ አትምጣ ልጄ" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ። "ምናልባት ሰው ሳይኖር ይጨርሰው ይሆናል።"

ከዚያ ወዲህ ገርጂ አልሄድኩም። አቶ መርሻ ይጨርሱት አይጨርሱት፣ እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው ያንብቡት አያንብቡት፣ አላውቅም። ጳጉሜ ሲገባ ግን ሱቄ ያለውን ማሽን ሁሉ አጠፋለሁ፣ ደንበኛ ሲጠይቀኝ የዓመት ዕረፍቴ ነው እላለሁ፣ እጄንም ኪሴ ከትቼ እቀመጣለሁ።